ስለ ውሃ ሱሪ አመራረጥ እኔን ጠይቁኝ

የውሃ ሱሪ ልትገዙ አስባችሁ ከሆነ ገንዘባችሁን ወደ ኪሳችሁ መልሱና መጀመሪያ ይህን አንብቡ። በባሕር ዳር ከተማ በዚህ ጉዳይ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ መኩራራት ከፈለግሁማ ሌላ ስንት ነገር አለኝ። ፊደል የለየሁት ያለ መምህር ነው፤ ከስኳር ጆንያና ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ። የሰዓት ጥገና የተማርሁት ያለ መምህር ነው፤ የጠገንኋቸው ሰዓቶች ሁሉ እስከ ዛሬ አሉ። አይሠሩም፣ ግን አሉ። ዋና የተማርሁትም ያለ መምህር ነው፤ ታንኳ ተገልብጦብኝ።

የውሃ ሱሪ ምን እንደሆነ ለማታውቁ ላስረዳ። ከጫማው ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ፣ እስከ ደረት የሚደርስ፣ ትከሻ ላይ በማንገቻ የሚያዝ፣ ውሃ የማያስገባ ሱሪ ነው። ሰው ለብሶት ባሕር ውስጥ ይገባል፣ እስኪበቃው ይቆማል፣ ደርቆ ይወጣል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ፈረንጆቹም የራሳቸው ስም ሳይኖራቸው አይቀርም፤ አልጠየቅኋቸውም።

መጀመሪያ ያየሁት በደርግ ጊዜ ነው። አንድ ፈረንጅ የባሕሩን ጥልቀት ሊለካ መጣና ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል፣ ታንኳ የምንሠራበት ደንገል አጠገብ፣ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ጠዋት ነው፣ ጥር ነው፣ ውሃው አጥንት ይሰብራል። እኔ ዳር ላይ ተቀምጬ፣ «ይህ ሰውዬ ጉልበቱ ምን ቢበድለው ነው?» እያልሁ አዝንለታለሁ። ሲወጣ ከዚያ ጎማ መሳይ ሱሪ ውስጥ እጁን ሰደደና ሲጋራ አወጣ። ክብሪት አወጣ። ጫረ። በራ! እኔ ከባሕር ስወጣ እንኳን ክብሪት ልጭር፣ የነደደ ምድጃ ላይ ቢያስቀምጡኝ የሚጠፋው ምድጃው ነው።

ለምን እንደዚያ እንደቀናሁ እንድታውቁ ሥራዬን ልንገራችሁ። በዚያን ጊዜ ዓሣ አስጋሪዎች በማኅበር ተደራጅተን ነበር። ትልቁ መረብ ሲጣል የመረቡ አንደኛው ጫፍ ከእንጨት ጋር ይታሰርና አንድ ሰው እንጨቱን ይዞ ከዳር ራቅ ብሎ ውሃ ውስጥ ይቆማል። ሌሎቹ ሁለተኛውን ጫፍ በታንኳ ይዘው ይዞራሉ፤ ዓሣውን ከበው ወደ ቆመው ሰው ይመጣሉ። ያ ሰው ካልተነቃነቀ ዓሣ አያመልጥም። የምቆመው እኔ ነበርሁ። ስሜን ሁሉ ትተው «ቋሚ» ይሉኝ ነበር። በማኅበሩ ሊቀመንበር ይለወጣል፣ ጸሐፊ ይለወጣል፣ ገንዘብ ያዥማ ሳይነጋ ይለወጣል፤ ቋሚ ግን ቋሚ ነው።

በኋላ ጉልበቴን ቁርጥማት ያዘው። አንድ ጠዋት ቆሜ ሳለሁ መንቀጥቀጥ ጀመርሁ። እኔ ስንቀጠቀጥ እንጨቱ ተንቀጠቀጠ፤ እንጨቱ ሲንቀጠቀጥ መረቡ ተንቀጠቀጠ፤ ዓሣው ሁሉ ሠርግ ያለ መሰለውና እስክስታ እየመታ በእግሬ መካከል አልፎ ሄደ። አንድ ትልቅ ቆረሶ ዓሣ ሲያልፍ ዞር ብሎ አይቶኛል ብል ታምኑኛላችሁ? አይቶኛል።

ሊቀመንበራችን ጓድ አስማረ ይባላል፤ ቁመቱ አጠር፣ ንግግሩ ረዘም ያለ ሰው ነበር። አስጠራኝ።

«ጓድ ቋሚ፣ ሰፊው ሕዝብ ዓሣ ይፈልጋል። እርስዎ ደግሞ ዓሣ እያሳለፉ ነው።»

«ትንሽ ብርድ መትቶኝ ነው ጓድ ሊቀመንበር።»

«ለጤናዎም ስለምናስብ ከእንግዲህ ከአያ ውበቱ ጋር ዋርካው ሥር ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ።»

አያ ውበቱን የማያውቅ ሰው ይህ ቅጣት መሆኑ አይገባውም። አያ ውበቱ ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ደግ ነው። ነገር ግን በወጣትነቱ አንዲት በቅሎ ነበረችው። በቅሎዋ ከሞተች ዘመን አልፏል፤ ወሬዋ ግን በሕይወት አለ። አጠገቡ ሰው ከተቀመጠ ማክሰኝት ገበያ ላይ እንዴት ተከራክሮ እንደገዛት ይጀምራል፤ ጥርሷን ይገልጻል፣ ጆሮዋን ይገልጻል፣ ኩርፊያዋን ይገልጻል፤ ቆላ ድባ ላይ ስትጠፋበት ፀሐይ ትጠልቃለች። በኋላ የት እንደተገኘች የሰማ ሰው የለም፤ ሁሉም ሰበብ ፈጥሮ ይነሣልና። ዋርካው ሥር የተመደበ ሰው ግን ተነሥቶ የት ይሄዳል? ሥራው ነው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣» አልሁ፣ «እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ይታገሡኝ። በትልቁ መረብ ቀን እንደ ምሰሶ ቆሜ ካልዋልሁ ከበቅሎዋ ጎን ይቅበሩኝ።»

ዐቢይ ጾም ሲገባ የዓሣ ገበያ ይደራል። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ለካህናቱ ትቼዋለሁ፤ ገዢ እስካለ ድረስ እኔ ከማንም ጋር አልከራከርም። ጓድ አስማረ ጥቂት አሰበና ተስማማ። ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ቆሜ ከዋልሁ ቋሚነቴ ይጸናል፤ ካልሆነ ግን ነገሩ እዚያው ባሕሩ ዳር ለጉባኤ ቀርቦ እጅ ይወጣበታል።

እንግዲህ ፈረንጁ ትዝ አለኝ። እናንተም ልብ በሉ፤ የውሃ ሱሪ መራጭ ጥንካሬውን ያያል፣ ሙቀቱን ያያል፣ ዋጋውን ደግሞ ቁጭ ብሎ ነው የሚያየው፣ ቆሞ ካየው ይወድቃል። ይህን ያወቅሁት ሐጂ ኑሩ ሱቅ ነው። ሐጂ ኑሩ ከገበያው መሐል ከመርፌ እስከ ድንኳን የሚሸጡ ሽማግሌ ነጋዴ ነበሩ።

«ሐጂ፣ የውሃ ሱሪ ይኖርዎታል?»

«ሱሪው አለ። ውሃውን እርስዎ ያምጡ።»

አስረዳኋቸው። እስከ ደረቴ በእጄ ለካሁላቸው፤ ፈረንጁ ክብሪት ሲጭር በቁሜ ተወንሁላቸው። ሐጂ ጢማቸውን አሻሹ።

«ገባኝ። እንዲህ ያለው ምጽዋ ከመርከበኞች ዘንድ ይገኛል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ዋጋውስ?»

ሐጂ ግራ ቀኝ አዩና በጆሮዬ ሹክ አሉኝ። ጮክ ብለው ቢናገሩት ጨርቅ የሚመርጡት ሴቶች ደንግጠው ይበተኑባቸው ነበር።

«ሐጂ! በዚህ ገንዘብ በሬ ገዝቼ በሬውን ባሕር ውስጥ ባቆመው አይሻለኝም?»

«በሬ ውሃ አያስገባም?» አሉ ሐጂ እየሣቁ።

«በሬ ውሃ ሲያስገባ አይቼ አላ—»

እዚያው ላይ ንግግሬ ተቋረጠ። ሐሳብ የሚመጣልኝ እንዲህ ነው፤ እንደ ሌላው ሰው ቀስ እያለ አይደለም፣ በር ሰብሮ ነው። በሬ ዝናብ ላይ ውሎ ያድራል፤ ውስጡ ይረጥባል? ፍየል ይዘንብባታል፤ ውሃ ታፈሳለች? ቆዳ ነው እንግዲህ መልሱ! ሐጂን ሳልሰናበት ወጣሁ።

የፍየል ቆዳ ገዛሁ። ለአንድ እግር አንድ ፍየል። ፀጉሩን ወደ ውስጥ አደረግሁት፣ ለሙቀት። ራሴ ሰፋሁት፤ ስፌትም የተማርሁት ያለ መምህር ነው። ውሃ እንዳይገባ ስፌቱን በቅቤ ለቀለቅሁት። ቅቤው የባለቤቴ የየውብዳር ነበር፤ ለፋሲካ ብላ ያስቀመጠችው። ሱሪው ተሠርቶ ሲያልቅ ሳየው እንባዬ መጣ፤ ከኩራትም ከሽታውም።

በማግስቱ ለሙከራ ባሕር ገባሁ። እውነቱን መናገር አለብኝ፣ ሙቀቱ እንከን አልነበረውም። ውሃውም በስፌቱ ገባ እንጂ በቆዳው አልገባም። ጥቂት ከቆምሁ በኋላ ቆዳው እየራሰ፣ እየለሰለሰ፣ እየተንዘላዘለ መጣና ሱሪዬ ጉልበቴ ላይ እንደ እርጥብ ጆንያ ተከመረ። ወጥቼ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ልሞቅ ተቀመጥሁ። አጠገቤ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ስለ ፈጠራዬ ጠየቁኝ፤ ማለቴ አልጠየቁኝም፣ ግን መጠየቅ እንደፈለጉ ፊታቸው ላይ ስላነበብሁ ነገርኋቸው። ስለ ፍየል፣ ስለ ፈረንጅ፣ ስለ ሰው ልጅ ጥበብ ሳወራ ፀሐይዋ አናቴ ላይ ደረሰች።

የከበሮ ቆዳ በፀሐይ እንዴት እንደሚወጠር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ልዩነቱ እኔ ከከበሮው ውስጥ ነበርሁ። ልነሣ ብል ጉልበቴ አይታጠፍም። ልቀመጥ ብልም ተቀምጬ ነው ያለሁት፣ ግን እግሮቼ ከፊቴ እንደ ጠመንጃ ተዘርግተዋል። አንዷ አጣቢ መጥታ ጭኔን በጣቷ መታ አደረገችው። «ድም!» አለ።

«እናንተዬ፣ ለመዝሙር ይሆናሉ!» ብላ ጮኸች።

ተሸክመው አቆሙኝ። ሁለት እግሬን እንደ መሰላል ከፍቼ፣ ግራና ቀኝ እየተወዛወዝሁ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ከኋላዬ የሠፈሩ ውሻ ሁሉ ቅቤውን እየላሰ ተከተለኝ። በር ላይ የውብዳር ቆማለች።

«ምን ሆኑ?»

«ምንም። ቀጥ ብዬ መሄድ ፈልጌ ነው።»

«ውሾቹስ?»

«ይወዱኛል።»

እሷም ውሾቹን አየች፣ እኔን አየች፣ አሸተተች። ከዚያ የቅቤ ቅሏ ወደተቀመጠበት ጓዳ ገባች። ከጓዳ ስትወጣ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም። ቢሆንም ሴት ልጅ አንጀቷ አይችልም፤ በርሜል ውስጥ አቁማ ውሃ እያፈሰሰች ስታርሰኝ አመሸች።

ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ይቆርጣል። እኔ ግን ከስህተቴ ተማርሁ፤ ቆዳ የማይሆነው ስለሚደርቅ ነው፤ ስለዚህ የማይደርቅ ቆዳ ያስፈልጋል። ጎማ! ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዳር ታደለ የሚባል ጎሚስታ ነበር፤ ቅን ልጅ ነው፣ የጭነት መኪና ጎማ ይጠግናል። አሮጌ የውስጥ ጎማ ከደጁ ተከምሮ አይቼ አውቃለሁ። ዋጋውም ቤት የሚያፈርስ አልነበረም። የተጣለ ጎማ ቆርጦ በማስቲሽ ሲያያይዘው ዋለና ከበረባሶ ሶል ጋር አጣብቆ፣ እስከ ብብቴ የሚደርስ፣ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ሱሪ ሠራልኝ። ለሙቀት ውስጡን ባና አለበስሁት። ባናውም የየውብዳር ነበር፤ ሌሊት ለብርድ የምትለብሰው። ለዚህ ቤተሰብ ሳይንስ ስሠራ የቤት ዕቃ ከየት ልውሰድ?

«አሁን ይፈተሽ፣» አለ ታደለ።

«እንዴት ነው የሚፈተሸው?»

«ጋሼ፣ ጎማ ሳይነፋ አይፈተሽም።»

ለካ የጎማውን የንፋስ መክተቻ አፍ አልቆረጠውም ኖሯል፤ ከመቀመጫዬ በስተግራ በኩል ተገትሮ ቀርቷል። ብብቴ ሥር ዙሪያውን በጎማ ክር ጥፍር አድርጎ አሰረኝና በዚያች አፍ ንፋስ ነፋ። ከዚያ የሳሙና ውሃ አፈሰሰብኝና አረፋ የሚወጣበት ቦታ እንዳለ ጎንበስ ብሎ ዞረኝ። አንዲት አረፋ አልታየችም። እኔ ግን ሌላ ነገር አወቅሁ፤ ሞቀኝ! ንፋሱና ባናው አንድ ላይ ሆነው እንደ ፀሐይ ሞቁኝ። ጉልበቴ እንደዚያ ተመችቶት አያውቅም። እዚያው ወሰንሁ፤ በትልቁ መረብ ቀን ከነንፋሱ ነው የምገባው።

በቀኑ ማለዳ ታደለ ጋ ሄድሁ። ወደ መራዊ ሊሄድ መኪና እየጠበቀ ነበር፤ ቢሆንም እምቢ አላለኝም።

«ስንት ልንፋልዎት? የፊት ጎማ ያህል ነው የኋላ?»

«የኋላ! ዛሬ ጭነት አለብኝ።»

ነፋኝ። የብብቴን ማሰሪያ እንዳይፈታ በማስቲሽ ለጠፈው፤ የንፋሱን አፍ በመፍቻው ጥርቅም አድርጎ ዘጋውና መፍቻውን ኪሱ ከትቶ መራዊ ሄደ። እኔም «ጭርቅ፣ ጭርቅ» እያልሁ ወደ ባሕሩ ወረድሁ። ሆን ብዬ ማንም ሳይመጣ ነው የደረስሁት። ሐሳቤ የማኅበሩ ሰው ሲሰበሰብ እኔን እንጨቴን ይዤ፣ በጉም መካከል እንደ ሐውልት ቆሜ እንዲያገኘኝ ነበር።

ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ላይ ደረሰ። ደረቅ! ጉልበቴ ላይ ደረሰ። ሙቅ! ጭኔ ላይ ሲደርስ እግሬ ቀለል አለኝ፤ «ቁርጥማቱ ለቀቀኝ» ብዬ አመሰገንሁ። ወገቤ ላይ ሲደርስ ይበልጥ ቀለለኝ። ከዚያ ወዲያ እግሬን ፈለግሁት። ከታች የለም። ቀና ስል ሁለቱም ጫማዎቼ ከፊት ለፊቴ ሰማይ እያዩ ብቅ አሉ። እኔም በጀርባዬ ተንጋለልሁ። እንጨቱ ከእጄ ሄደ፤ ከመሬት የሚነሣው ንፋስ መጣና ወደ ጥልቁ ይገፋኝ ጀመር።

እኔ አልደነገጥሁም። የጮኽሁት ድምፄን ለመሞከር ነው።

በዚህ መሐል የማኅበሩ ሰው ዳር ላይ ተሰብስቧል። ጉሙ ገና አልተገለጠም። የማኅበራችን ጥበቃ፣ ጠመንጃ መያዝ እንጂ ማየት የማይሆንለት ሽማግሌ ነበር፤ በጉሙ ውስጥ ጥቁር፣ ክብ፣ የሚያብለጨልጭ፣ የሚያጉረመርም ነገር ታየው።

«ጉማሬ! መረብ የሚበጥሰው ጉማሬ መጣ!»

ጠመንጃው ሲቀባበል ሰማሁ። ሕይወቴ በአንዲት ቃል ላይ ቆመች፤ ባለኝ ኃይል ጮኽሁ።

«ጎማ ነው! ኧረ ጎማ ነው!»

ንፋሱ ቃሌን ግማሹን በላው።

«ሰማችሁ? ጉማሬ ነው አለ!» አለ ጥበቃው።

«ማነው ያለው?» አለ ጓድ አስማረ።

«ራሱ ነዋ!»

«ጉማሬ ይናገራል እንዴ?»

«ዘመኑ እንደሆነ እንጃ ጓድ ሊቀመንበር፣ ሁሉም ነቅቷል።»

«ጎማ! ጎ! ማ!» አልሁ ፊደሉን እየቆራረጥሁ።

«ጉ-ማ-ሬ እያለ ፊደል ይቆጥራል!» አለች አንዲት ዓሣ ልትገዛ የመጣች ሴት፤ አማተበች።

ጥበቃው ተኮሰ። ምስጋና ለዓይኑ ይሁንና ጥይቷ አንድ ያልጠረጠረ ይብራ ከውሃው ላይ አስበርራ አለፈች። ሁለተኛውን ሲያጎርስ ያተረፈኝ አያ ውበቱ ነው።

«ቆይ፣ ቆይ፣» አለ፣ «ይህ ጉማሬ አይደለም። ጉማሬ እንዲህ አይለፈልፍም። ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ የእኛ ቋሚ ነው!»

በታንኳ መጣልኝ። ሊጭነኝ ሞከረ፤ ታንኳዋ የደንገል ናት፣ እኔ ደግሞ የኋላ ጎማ ነኝ፤ አልተስማማንም። ስለዚህ ገመድ ብብቴ ሥር አስሮ ይጎትተኝ ጀመር። ንፋሱ ከፊታችን ስለሚነፍስ ጉዞው አዝጋሚ ነበር። አያ ውበቱ ጥቂት ቀዘፈና ሰፊውን ባሕር አየ፣ እኔን አየ፣ ገመዱን አየ።

«አንተ፣» አለኝ፣ «ይህ ገመድ ምን እንዳስታወሰኝ ታውቃለህ?»

«አያ ውበቱ፣ በእግዚአብሔር!»

«ማክሰኝት ገበያ ላይ በእንዲህ ያለ ገመድ ታስራ ነው ያየኋት።»

ወዴት ልሩጥ? ተንጋልዬ ሰማይ እያየሁ ሰማሁት። ጥርሷን ሰማሁ፣ ጆሮዋን ሰማሁ፣ ኩርፊያዋን ሰማሁ። ቆላ ድባ ላይ ጠፋችበት። እዚህ ላይ አንድ አሳፋሪ ነገር ልንገራችሁ፤ ልቤ ተንጠለጠለ።

«እሺ፣ ከዚያስ የት ተገኘች?»

«ደረስን፣» አለ አያ ውበቱ፤ ታንኳዋም አሸዋው ላይ ተሰካች።

አንከባልለው አወጡኝና ከአንድ ድንጋይ ጋር አስደግፈው አቆሙኝ። ንፋሱ ሊወጣልኝ አልቻለም፤ መፍቻው ታደለ ኪስ ውስጥ መራዊ ነው፣ የብብቴም ማሰሪያ በማስቲሽ ደርቋል። አንዱ ቢላዋ ይዞ ተጠጋ።

«ንክች እንዳታደርገኝ! ሱሪው ገና አዲስ ነው!» ብዬ አባረርሁት።

ተንጋልዬ ስጎተት ንፋሱ ሁሉ ከእግሬ ሸሽቶ ወደ ላይ ተሰብስቦ ነበር። ደረቴ እንደ በርሜል ተነፍቶ ብብቴን ከታች ወደ ላይ ገፋው፤ ሁለቱም እጆቼ ወደ ሰማይ ተነሥተው ቀሩ። ላወርዳቸው ብል እንደ ሰዓት ሞላ ተመልሰው ይነሣሉ።

ጓድ አስማረ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጓዶች፣ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። በስምምነቱ መሠረት ጓድ ቋሚ ቆመው መዋል ነበረባቸው። አልቆሙም፤ ተኝተው ነው የተገኙት። ማኅበራችን ደግሞ የተኛ ሠራተኛ አይፈልግም። ስለዚህ ከቋሚነት ወደ ዋርካው ይዛወሩ የምትሉ፣ እጅ!»

የዓሣ አስጋሪውን ፊት አየሁ። ግማሹ ያዝንልኛል፤ ግማሹ ጠዋቱን ሙሉ በብርድ ስላስጠበቅሁት ሊበላኝ ደርሷል። እጆች ወጡ። ጸሐፊው መቁጠር ጀመረና እኔ ፊት ሲደርስ ቆመ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ራሳቸው ጓድ ቋሚም ደግፈዋል። በሁለት እጅ።»

«አልደገፍሁም!»

«እጅዎ ወጥቷል፣» አለ ጓድ አስማረ።

«ማውረድ አቅቶኝ ነው!»

«ከሕዝብ ፊት የወጣ እጅ ወጥቷል። መዝግብ። የምትቃወሙ?»

ሌሎች እጆች ወጡ። የእኔም እዚያው ነበሩ። ጸሐፊው አየኝ፣ ወረቀቱን አየ፣ እንደገና አየኝ።

«አሁን ደግሞ ተቃውመዋል።»

«እሱስ ልክ ነው፣ እቃወማለሁ!» አልሁ።

«በመጀመሪያ ደግፈው ሲያበቁ?» አለ ጓድ አስማረ፤ ድምፁ መወፈር ጀመረ። «እጅዎን ያውርዱ!»

ሁለት ጎረምሶች መጥተው እጆቼን ወደ ታች ተጫኑ። ሲለቋቸው «ቧ!» ብለው ተነሡ፤ የአንደኛውን ጎረምሳ ቆብ አሽቀነጠርሁበት።

«ድምፀ ተአቅቦ?» አለ ጓድ አስማረ በተስፋ መቁረጥ።

ማንም እጅ አላወጣም። ከእኔ በቀር።

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ድምፁ እኩል ለእኩል ነው ጓድ ሊቀመንበር። የሚወስነው የእሳቸው ድምፅ ነው። የት ላድርገው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! እንዳየኸው ጻፈው።»

«እንዳየሁት ልጻፈው? ደግፈዋል፣ ተቃውመዋል፣ ድምፃቸውንም አቅበዋል ብዬ? ይህ ቃለ ጉባኤ እኮ ለበላይ አካል ነው የሚሄደው።» ጸሐፊው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነገ 'ይህ ሰው ማነው? ምን ዓይነት ስብሰባ ነው የምትመሩት?' ቢሉ የሚጠየቀው ማን ሊሆን ነው?»

የጓድ አስማረ ፊት አመድ መሰለ። ከሰው ሁሉ አጭር የነበረው ሰውዬ ይበልጥ አጠረ። እኔ በሁለት እጄ ሰማይን ተሸክሜ እጠብቃለሁ፤ በሩቁ ዋርካው ይታየኛል።

«ጉዳዩ፣» አለ በመጨረሻ፣ «በጥልቀት መታየት ያለበት ስለሆነ፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ በይደር ተላልፏል። እስከዚያ ሁሉም ባለበት ይቀጥል!»

በዚህ ጊዜ የውብዳር፣ ባሏ ጉማሬ ሆኖ ተተኩሶበታል የሚል ወሬ ሰምታ እየሮጠች ደረሰች። ከሩቅ እያለቀሰች ነበር የመጣችው። ስትቀርብ ለቅሶዋን አቆመች። ብብቴ ሥር ብቅ ያለ የጨርቅ ጫፍ አይታ በጣቷ ያዝ አደረገችው።

«ይህ ባናዬ አይደለም?»

«የውብዳር፣ ቤት ገብተን እንነጋገር።»

«ባናዬን ነው የምጠይቅዎት!»

ከመቀነቷ ስፌት የምትሰፋበትን ወስፌ መዘዘች። ልከለክላት እንዳልችል እጄ ከላይ ነው። ከበስተኋላዬ፣ በግራ በኩል፣ ወጋ አደረገችው። ከዚያ ከእኔ የወጣውን ድምፅ ጨዋ ሰው ስለሆንሁ አልገልጸውም። ረጅም ነበር። ጓድ አስማረ ስብሰባውን በመፈክር ሊዘጋ አፉን ከፍቶ ነበር፤ መልሶ ገጠመው። እጆቼም ቀስ እያሉ፣ እያረፉ፣ ወደ ጎኔ ወረዱ።

ታደለ ከመራዊ ሲመለስ ቀዳዳውን ለጠፈልኝ። ከዚያ ወዲያ ያለ ንፋስ ለበስሁት፤ ባናው ብቻውን በቂ ነበር፤ የውብዳርም ባናዋን እየጠየቀች፣ እኔም እየቆምሁ ኖርን። የሚቀጥለው ስብሰባ ሲመጣ ሌላ አጀንዳ ነበረው፤ ከዚያ የሚቀጥለውም እንዲሁ። ያንን ቃለ ጉባኤ ከሣጥን ለማውጣት የደፈረ ሊቀመንበር አልተገኘም። መንግሥት እስኪለወጥ ድረስ በይደር ቆሜ ቆየሁ።

ስለዚህ የውሃ ሱሪ ስትመርጡ ጎማ ይሁን፣ ውስጡ ባና ይኑረው፣ ንፋስ የፈለገ ሰው ከደጅ ይቀበል። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው። ከእኔ የተሻለ ሱሪ አለኝ የሚል ካለም አልከራከረውም፤ አንድ ነገር ብቻ እጠይቀዋለሁ። በዚያ ዘመን በአንድ ስብሰባ ላይ ደግፎ፣ ተቃውሞ፣ ድምፁንም አቅቦ፣ በዚያው ቀን በሰላም ቤቱ ገብቶ እራቱን በልቷል? እኔ በልቻለሁ። ቅቤ ግን አልነበረውም።